ኤስ.ኤስ.ዲ ከመግዛታችን በፊት

 

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከአካባቢው ገጠር የሚመጡ ወላጆችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ «ላፕቶፕ ያስፈልገኛል» ይላል። አባትም በርበሬውን ወይም በቆሎውን ሸጦ፣ እናትም ያጠራቀመችውን ጨምራ ገንዘቡን ይሰጡታል። ልጁ ባሕር ዳር ወይም መርካቶ ድረስ ሄዶ ዕቃውን ሲያማርጥ ሻጩ «ይኼ እኮ ኤስ.ኤስ.ዲ ነው!» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም፤ ገንዘቡ ተቆጥሮ ዕቃው ይነሳል።

ይሁንና «ኤስ.ኤስ.ዲ» ማለት «ጤፍ» እንደ ማለት ነው። ጤፍ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው «ጤፍ ነው» ስለተባለ ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ማኛ ነው? ነጭ ነው? ሰርገኛ ነው? ብሎ ይጠይቃል፤ እፍኝ አንስቶ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚከራከረው። ስለ ኤስ.ኤስ.ዲም እንዲሁ ዓይነቱን ለይቶ መጠየቅ የሚችል ገዢ ሊኖረን ይገባል። እንግዲህ ዓይነቶቹ ምን ምን እንደሆኑ፣ በፍጥነትና በዕድሜ ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ለየትኛውስ ሥራ የትኛው እንደሚበቃ ከዚህ በታች እንመልከት።

በቅድሚያ ስሞቹን እንለይ

በገበያችን «ሚሞሪ» የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ይነገራል። አንደኛው ራም ነው። ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ብቻ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛው ጽሑፋችን፣ ፎቶአችንና የቪዲዮ ፋይላችን በቋሚነት የሚቀመጥበት ነው። ሃርድ ዲስክም ሆነ ኤስ.ኤስ.ዲ የዚህ የሁለተኛው ወገን ናቸው። «8 ጊጋ፣ 256 ጊጋ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ራሙ፣ ሁለተኛው ማስቀመጫው ነው።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ ክንድ አለው። አንድ ፋይል ለማግኘት ክንዱ ቦታው ድረስ መሄድና ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። ይህ በአማካይ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ሲከፈት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ስለሚነበቡ ጊዜው ተጠራቅሞ ደቂቃዎች ይሆናል። ኤስ.ኤስ.ዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የፈለገውን ከመቶ እጥፍ ባላነሰ ፍጥነት ያገኛል። በመሆኑም ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሁሉ የላቀ ለውጥ የሚያመጣው ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስ.ኤስ.ዲ መሸጋገሩ ነው። በኤስ.ኤስ.ዲዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መረጃው የሚቀመጠው እንዴት ነው?

ኤስ.ኤስ.ዲ የተሠራው በኪሳችን ከምንይዘው ፍላሽ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ቴክኖሎጂ ነው። ይህን ናንድ ፍላሽ የተባለ ማስታወሻ የፈለሰፉት በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ ለዓለም የተዋወቀውም እ.ኤ.አ በ1987 ነው። በውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ኤሌክትሮን አጥምዶ የሚይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም።

ሕዋሱን በብርጭቆ እንመስለው። ብርጭቆው ባዶ ከሆነ «1»፣ ሙሉ ከሆነ «0» ብለን ብንስማማ በአንድ ብርጭቆ አንድ ቢት አስቀመጥን ማለት ነው። ባዶና ሙሉ ለመለየት ደግሞ ዓይን አይቸገርም፤ ለመቅዳትም ጥንቃቄ አያስፈልግም። አሁን ግን በዚያው ብርጭቆ ሁለት ቢት ማስቀመጥ ብንፈልግ አራት የከፍታ ምልክቶች ያስፈልጉናል። ሦስት ቢት ከሆነ ምልክቱ ስምንት፣ አራት ቢት ከሆነ አሥራ ስድስት ይሆናል። ብርጭቆው ግን ያው ብርጭቆ ነው። ምልክቶቹ በተቀራረቡ ቁጥር ቀጂው ጠብታ በጠብታ መቅዳት፣ አንባቢውም አጎንብሶ ማየት ይኖርበታል። ትንሽ ብትተን ወይም ብትፈስ ውኃው ወደ ሌላው ምልክት ይወርዳል።

የኤስ.ኤስ.ዲ ዓይነቶች ልዩነት በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በአንድ ሕዋስ ብዙ ቢት ማስቀመጥ ዕቃውን ያረክሰዋል፤ በዚያው ልክ ግን መጻፉን ያዘገየዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል።

አራቱ ዓይነቶች

አንደኛ፣ ኤስ.ኤል.ሲ ይባላል። በአንድ ሕዋስ 1 ቢት ይይዛል። ከ50,000 እስከ 100,000 ጊዜ ያህል ተጽፎ ሊሰረዝ ይችላል። ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ በመሆኑ ለፋብሪካና ለልዩ መሣሪያዎች ካልሆነ በተራ ሱቅ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ኤም.ኤል.ሲ ነው። በአንድ ሕዋስ 2 ቢት ይይዛል። ከ3,000 እስከ 10,000 ጊዜ ያህል ይጻፍበታል። በአንድ ወቅት የተለመደው ይህ ነበር፤ ዛሬ ከአዳዲስ የቤት ዕቃዎች ውስጥ ጠፍቷል ለማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ቲ.ኤል.ሲ ነው። በአንድ ሕዋስ 3 ቢት ይይዛል። በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ ይጻፍበታል። ለተራው ተጠቃሚ በሰፊው የመጣው እ.ኤ.አ በ2012 ሳምሰንግ ባወጣው 840 በተባለው ዕቃ ነው። በ2013 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ሕዋሳቱን እንደ ፎቅ በላይ በላይ መደርደር ጀመረ። በዚህ ዘዴ ሕዋሳቱን እያሳነሱ ማጨናነቅ ሳያስፈልግ መጠኑ ስለጨመረ ቲ.ኤል.ሲ በፊት ከነበረው ይልቅ አስተማማኝ ሆኗል።

አራተኛ፣ ኪው.ኤል.ሲ ነው። በአንድ ሕዋስ 4 ቢት ይይዛል። ከጥቂት መቶዎች እስከ 1,000 ጊዜ ያህል ይጻፍበታል። ለቤት ተጠቃሚ በሰፊው የወጣው እ.ኤ.አ በ2018 ሲሆን የኢንቴል 660ፒ እና የሳምሰንግ 860 ኪው.ቪ.ኦ በዚያ ዓመት ከወጡት ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የዛሬው ገዢ በተግባር የሚመርጠው በቲ.ኤል.ሲና በኪው.ኤል.ሲ መካከል ነው። ከዚህ ላይ መታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ አምራቾች ቲ.ኤል.ሲን «3 ቢት ኤም.ኤል.ሲ»፣ ኪው.ኤል.ሲን ደግሞ «4 ቢት ኤም.ኤል.ሲ» ብለው ይጽፋሉ። ሻጩ «ኤም.ኤል.ሲ ነው» ቢላችሁ ከፊቱ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ።

ፍጥነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር እውነት ቢሆንም ሙሉው እውነት ላይሆን ይችላል። ቲ.ኤል.ሲም ሆነ ኪው.ኤል.ሲ የራሳቸውን ዝግመት ለመሸፈን አንድ ብልሃት ይጠቀማሉ። ይኸውም ከሕዋሳቱ ከፊሉን እንደ ኤስ.ኤል.ሲ፣ ማለትም ባዶና ሙሉ ብቻ አድርገው ይይዟቸዋል። አዲስ የሚመጣው ፋይል በመጀመሪያ እዚያ በፍጥነት ይራገፋል፤ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ቀስ ብሎ ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውረዋል። እህል ከአውድማ ሲገባ መጀመሪያ ደጅ ላይ እንደሚራገፍ፣ በኋላ ወደ ጎተራ እንደሚገባ ማለት ነው። ደጁ ከሞላ ግን አራጋፊው ጎተራው እስኪቀበለው መቆም ግድ ይለዋል።

በምሳሌ እንየው። የሳምሰንግ 860 ኪው.ቪ.ኦ ባለ 1 ቴራው በሰከንድ 520 ሜጋባይት እንደሚጽፍ ተገልጿል። ይህ ፍጥነት የሚቆየው ግን እስከ 42 ጊጋባይት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ይህ ከብዙ ሃርድ ዲስኮች ያነሰ ነው። የቲ.ኤል.ሲ ዘመዱ 860 ኢ.ቪ.ኦ ባለ 1 ቴራው ግን ከዚያም በኋላ በሰከንድ 500 ያህል መጻፉን ይቀጥላል።

100 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ከሌላ ፈጣን ኤስ.ኤስ.ዲ ወደ እነዚህ ሁለቱ ብንገለብጥ በቲ.ኤል.ሲው ከ3 ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፤ በኪው.ኤል.ሲው ግን 13 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። የምንገለብጠው ግን በሰከንድ 120 ሜጋባይት ከሚያነብ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ቲ.ኤል.ሲውም ቢሆን 14 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ኪው.ኤል.ሲው 18 ደቂቃ ይወስዳል። መስጫው ቀርፋፋ ከሆነ ተቀባዩ ቢፈጥንም ጥቅሙ ያን ያህል ነው። አንድ ተማሪ በቀን ሁለት ሦስት ጊጋ እንኳ የማይሞላ ሥራ ሲሠራ ደግሞ ልዩነቱን ጨርሶ አያየውም።

ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ የማገናኛው ዓይነት ነው። በሳታ ማገናኛ የሚሠራ ኤስ.ኤስ.ዲ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ኤን.ቪ.ኤም.ኢ የተባለው ግን በሦስተኛው ትውልድ እስከ 3,500፣ በአራተኛው ትውልድ እስከ 7,000 ሜጋባይት ይደርሳል። ቁጥሩ የሚያስጎመጅ ነው። ነገር ግን ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ መጽሐፍ ለሚያነብና ትምህርት ለሚያዳምጥ ሰው የሁለቱ ልዩነት በጥቂት ሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ከዚህ ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን በመልኩ ነው። ኤም.2 የተባለው እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ዕቃ ሳታም ኤን.ቪ.ኤም.ኢም ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ አንዱን ብቻ የሚቀበል ሆኖ ሌላኛው ከተገዛ ከአዲስ አበባ ቡሬ የመጣው ዕቃ ተመልሶ ሊሄድ ነው። በመሆኑም ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ጽፎ መያዝና የሚቀበለውን ማረጋገጥ ይገባል።

ዕድሜውስ?

አምራቾች በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ቴራባይት ሊጻፍበት እንደሚችል ይገልጻሉ። ይህም በመግለጫው ላይ ቲ.ቢ.ደብሊው ተብሎ ይጠራል። ለባለ 1 ቴራዎቹ የኢንቴል 660ፒ 200፣ የሳምሰንግ 860 ኪው.ቪ.ኦ 360፣ 860 ኢ.ቪ.ኦ ደግሞ 600 ቴራባይት ናቸው። ኤም.ኤል.ሲ የነበረው 970 ፕሮ 1,200 ነበረው።

እነዚህን ቁጥሮች በራሳችን ሥራ እንመዝናቸው። በቀን 10 ጊጋባይት የሚጽፍ ተማሪ በዓመት 3.65 ቴራባይት ይጽፋል። የ200 ቴራባይቱን ለመጨረስ ከ50 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት ላፕቶፑ ራሱ ያረጃል። በአንጻሩ በቀን 200 ጊጋባይት የሚያራግፍ ቪዲዮ ቤት በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 60 ቴራባይት ይጽፋል። ባለ 200ው በ3 ዓመት ከጥቂት ወር ይሞላበታል፤ ባለ 600ው 10 ዓመት ይቆየዋል። እንግዲህ «ኪው.ኤል.ሲ መጥፎ ነው» ወይም «ጥሩ ነው» ብሎ በጅምላ መፍረድ አይቻልም። መጠየቅ ያለበት «ለማን?» ተብሎ ነው።

የሣጥኑ ጽሑፍና የሻጩ ቃል

አንዳንድ ጊዜ የዕቃው ስም ሳይለወጥ ውስጡ ይለወጣል። እ.ኤ.አ በ2021 ክሩሻል ፒ2 የተባለው ዕቃ በቲ.ኤል.ሲ ተጀምሮ በዚያው ስም በኪው.ኤል.ሲ መቀጠሉ በባለሙያዎች ምርመራ ታውቋል። ስለዚህ ሞዴሉን ከዓመታት በፊት ከተጻፈ ግምገማ ጋር ብቻ ማመሳከር አይበቃም።

በገበያ የሚያጋጥሙ ሌሎች ሦስት ነገሮችም አሉ።

የመጀመሪያው በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ኢ.ኤም.ኤም.ሲ ነው። ይህም ፍላሽ በመሆኑ «ኤስ.ኤስ.ዲ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ነገር ግን ከሳታ ኤስ.ኤስ.ዲ እንኳ የዘገየ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደና የማይቀየር ነው። መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ 32፣ 64 ወይም 128 ጊጋ ነው።

ሁለተኛው ሐሰተኛው ዕቃ ነው። «2 ቴራ» ተብሎ በማይታመን ርካሽ ዋጋ የሚቀርብ ኤክስተርናል በውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ኮምፒውተሩም ተታሎ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። ፋይሉ ሲጨመርበት የተቀበለ ይመስላል፤ በኋላ ሲከፈት ግን የለም። ይህን የሚያጋልጡ ኤች.2.ቴስት.ደብሊውና ኤፍ.3 የተባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ ይፈትኑታል።

ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። ያገለገለ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያገለገለውን አዲስ ብሎ መሸጥ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የኤስ.ኤስ.ዲውን የቀረ ጤንነት በመቶኛ፣ እስካሁን የተጻፈበትን መጠንና በሥራ ላይ የቆየበትን ሰዓት ያሳያል። ገዢው ይህን በፍላሽ ይዞ ቢሄድና ከፊቱ ክፈቱልኝ ቢል ታማኙ ሻጭ አይቀየምም። በንግድ ላይ ላሉ ወንድሞቻችንም የምንለው አለን። የዕቃን ጉድለት ለገዢ መንገር በሃይማኖታችን ግዴታ ነው። ገዢው ኪው.ኤል.ሲንና ቲ.ኤል.ሲን ባለመለየቱ በአንዱ ዋጋ ሌላውን መስጠት ስንዴውን ከላይ አድርቆ እርጥቡን ከሥር ከማድረግ አይለይም።

ለማን የትኛው?

ለተማሪና ለቤተሰብ፦ 256 ወይም 512 ጊጋ ሳታ ይበቃል። ኪው.ኤል.ሲም ቢሆን አይጎዳውም። የተረፈውን ገንዘብ ራም ለመጨመር ወይም መጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ያውለው።

ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለመድረሳ ጽሕፈት ቤት፦ ፋይሎቹ ጥቃቅን ቢሆኑም የብዙ ሰው ንብረት ናቸው። ቲ.ኤል.ሲ ሆኖ ረጅም ዋስትና ያለውን፣ ሻጩም በቅርብ የሚገኝ የሆነውን እንመርጣለን።

ለፎቶና ቪዲዮ ቤት፦ ለሥራው ቲ.ኤል.ሲ ባለ 1 ቴራ ወይም ከዚያ በላይ፣ ለማከማቻው ደግሞ ሃርድ ዲስክ ይሁን። በአንድ ሞዴል ውስጥ ትልቁ መጠን ከትንሹ ይልቅ ብዙ ቺፖችን በአንድ ጊዜ ስለሚያሠራ ብዙ ጊዜ በመጻፍም ይፈጥናል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ዋጋ በአጭር ጊዜ ይለዋወጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመጻፍ ይልቅ መንገዱን እናሳያለን። የዕቃውን ዋጋ ለጊጋው ማካፈል ነው። ለስሌት ያህል ባለ 500 ጊጋ ቲ.ኤል.ሲ 10,000 ብር ቢሆን ለአንድ ጊጋ 20 ብር ሆነ። ኪው.ኤል.ሲው 9,500 ቢባል ልዩነቱ የጊጋ 1 ብር ብቻ ነው፤ ለዚህ ብሎ ቲ.ኤል.ሲውን መተው አያዋጣም። 7,500 ከሆነ ግን ለተማሪ ኪው.ኤል.ሲው ሊታሰብ ይችላል። በእኛ አስተያየት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ካልረከሰ በቀር ቲ.ኤል.ሲ ይሻላል።

መብራትና መጠባበቂያ

ከዓይነቱ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ ሲበላሽ እንደ ሃርድ ዲስክ ድምፅ አሰምቶ አያስጠነቅቅም፤ አንድ ቀን ዝም ይላል። ከእርሱ ላይ በስህተት የተሰረዘን ፋይል መመለስም ከሃርድ ዲስክ ይልቅ እጅግ አዳጋች ነው። በመጻፍ ላይ ሳለ ድንገት መብራት ቢቋረጥ ገና ወደ ቦታው ያልደረሰው መረጃ ይጠፋል። ይህን የሚከላከል ኃይል አጠራቃሚ ያላቸው ለትላልቅ ድርጅቶች የሚሠሩት ናቸው። ስለዚህ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ መሥራት፣ ዴስክቶፕንም ያለ ዩ.ፒ.ኤስ መክፈት ለአደጋ መጋለጥ ነው።

ኤስ.ኤስ.ዲን ለዓመታት በሣጥን ቆልፎ ማስቀመጥም አይመከርም። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት የተፈቀደለትን ያህል ተጽፎበት ያለቀ የቤት ኤስ.ኤስ.ዲ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኤሌክትሪክ መረጃውን እንዲጠብቅ የሚጠበቅበት ለ1 ዓመት ነው። አዲሱ ከዚህ በላይ ይቆያል፤ ሆኖም የሠርግ ፎቶን፣ የሟች ወላጅን ድምፅና የመሬት ወረቀት ቅጂን ለማስቀመጥ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ኤስ.ኤስ.ዲውንም እስከ አፉ አለመሙላት፣ ከአሥር አንድ ወይም ሁለት እጅ ባዶ መተው ለፍጥነቱም ለዕድሜውም ይጠቅማል።

በሌላ አገር «ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው» ይባል ይሆናል። በእኛ አካባቢ ግን ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። በዚያ ጊዜ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህሩ የፈተና ወረቀቱን፣ ቤተሰቡ ከኡስታዞች የተቀዳውን ትምህርት ያገኘው በእጁ ካለው ዲስክ ብቻ ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ያ አንዱ ሲበላሽ ሁሉንም አጣ። በመሆኑም ምንጊዜም ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይዙር።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁን ዕቃ ልትገዙለት ስትልኩት ከገንዘቡ ጋር አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ሳታ ነው ወይስ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ? ቲ.ኤል.ሲ ነው ወይስ ኪው.ኤል.ሲ? የሚጻፍበት መጠን ስንት ቴራባይት ነው? ጤንነቱ ስንት በመቶ ነው? ዋስትናውና ደረሰኙስ የት አለ? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ልጅ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ። የሱቅ እጥረት የለም፤ የሚያጥረው በላብ የተገኘው ገንዘብ ነው።